መድኃኒት የጀመረ አይጾምም

ሸዋወርቅ ለዝንብ ምግብ ታበስላለች። ሥራዋን ለሰው መንገር ከተወች ቆይታለች፤ የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ደመወዟን ይጠይቃል፣ ደመወዟን ሲሰማ ደግሞ እንደገና ይስቃል።

ተወልዳ ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው። ባሏ ጎይቶም ያን ጊዜ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ሦስት ቀን ሲቆም ምሳውን የበላው እሷ ከምታበስልበት ምግብ ቤት ነበር። ዘመዶቿ እስከ ዛሬ “መለዋወጫ ሲጠብቅ ልጃችንን ጭኖ ሄደ” ይላሉ። ይህ ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈው። አሁን መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሠፈር ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ግቢ ይኖራሉ። ሸዋወርቅ ትግርኛውን እንደ አገሬው ታቀላጥፈዋለች፤ ስትቆጣ ግን አማርኛዋ ይመጣል። ጎይቶምም አማርኛ ሲሰማ ወዲያው ጫማውን ይፈልጋል።

ወደ ውቅሮ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ አንድ የምርምር ማዕከል አለ። እዚያ የተቀጠረችው ለሠራተኞች ክበብ ነበር። ክበቡ ሲዘጋ “ለሁለት ሳምንት ያህል ዝንብ ክፍል እርጂ” አሏት። ሁለቱ ሳምንት አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። በእነዚህ ዓመታት ሦስት ዳይሬክተር ተሽሯል፣ ማዕከሉ ተዘግቶ ተከፍቷል፣ ዝንቦቹም ዘር ማንዘራቸውን ተክተው አልፈዋል። የሷ መዝገብ ግን አሁንም “ጊዜያዊ” ይላል። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ቢሮ ገብታ ትጠይቃለች፤ በየዓመቱ “በሚቀጥለው በጀት” ይሏታል። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው። ቋሚ ሳትሆን ከወጣች ጡረታ የሚባል ነገር የላትም፤ የጎይቶም ጡረታ ደግሞ የጎይቶምን ሲጋራ እንኳ አይችልም።

ጎረቤቷ ኣብርሀት ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ ትጠብቃታለች።

“ኣንቲ ሸዋ፣ ዝንቦችሽ ትናንት ምን በሉ?”

“ያንቺን ምላስ ጠብሼ ሰጠኋቸው።”

“ዋእ! ታዲያ ጨው አነሰው አላሉም?”

እንዲህ ተባብለው ይለያያሉ።

የዝንቦቹ ምግብ የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳር፣ እርሾና እንደ ሙጫ የሚያረጋ ነጭ ዱቄት ነው። ሸዋወርቅ በትልቅ ድስት ታማስለውና ትኩሱን በትናንሽ ብልቃጦች ትቀዳዋለች። ሲረጋ ዝንቦቹ ይገቡበታል፤ ይበሉታል፣ ይተኙበታል፣ ይዳሩበታል። ዝንብ ቢባሉም ቆሻሻ ላይ የሚያርፉት ዓይነት አይደሉም፤ የበሰለ ሙዝ የሚከቡት፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡት ናቸው። ክፍላቸው በበጋም በክረምትም እኩል ይሞቃል። ከተማው መብራት ሲጠፋበት ጄኔሬተሩ መጀመሪያ የሚያበራው የነሱን ክፍል ነው። ዳይሬክተሩ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን እያበራ ይፈርማል።

የክፍሉ ጌታ ዶክተር ኣንዶም ነው። ሰባት ዓመት ውጭ ተምሮ የመጣ፣ ሲናገር የሚያምርበት፣ ይህንንም የሚያውቅ ሰው። “ሲግናል” የምትለዋን ቃል ሳያስገባ ዓረፍተ ነገር አይዘጋም። ጥበቃው በር ሲዘገይበት እንኳ “ሲግናል አልደረሰህም?” ይለዋል። በዓመታት ውስጥ ስድስት የገደል ቅጠሎች ጨምቆ ዝንቦቹን አጠጥቶ ነበር፤ ስድስቱም ዝንቦቹን ከማስቀመጥ በቀር ምንም አልፈየዱም። አሁን የያዘው ሰባተኛውን ነው። ስም ስላላወጣለት ሁሉም “ቁጥር ሰባት” ይለዋል።

ሙከራውን ለሸዋወርቅ ያስረዳቻት ሳሊና ናት፤ የሁለተኛ ዲግሪዋን እዚያ የምትሠራ፣ በሁለት መርፌ ጫፍ የዝንብ አንጀት ጎትታ የምታወጣ ቀጭን ልጅ። አንጀቱ ሲወጣ ክር ያክላል፤ ነጠላ ላይ ቢወድቅ ማንም አይለየውም።

“ኣደይ ሸዋ፣ ይምጡ ይዩ” አለቻት አንድ ቀን ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ። “መርዝ ስናበላቸው የአንጀታቸው ግድግዳ ይቆስላል። ከግድግዳው ሥር ግን የተኙ እናት ሕዋሶች አሉ። የቆሰለው ሕዋስ ሲሞት ዝም ብሎ አይሞትም፤ መልእክት ይልካል። እናቲቱ ስትሰማ ትነቃና ለሁለት ትከፈላለች። አንዷ እናት ሆና ትቀራለች፣ ሌላዋ የሟቹን ቦታ ትሸፍናለች። እነዚህ አረንጓዴ የሚያበሩት አሁን የተከፈሉት ናቸው።”

ሸዋወርቅ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች።

“የዕድር ጡሩምባ በይኛ! እዚህ ቤት ግን የሚነፋው ሟቹ ራሱ ነው።”

ሳሊና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ዶክተሩ ከወዲያ ተጣራና ነገሩ እዚያው ተቋረጠ።

ሙከራው ቀላል ነበር። ዝንቦቹ ሁሉ መርዝ ይቀምሳሉ። ከዚያ ግማሾቹ ቀይ ክዳን ባለው ብልቃጥ ገብተው ያለ መድኃኒት ይቀመጣሉ። ሌሎቹ ሰማያዊ ክዳን ባለው ገብተው ቁጥር ሰባትን ይጠጣሉ። ከአምስት ቀን በኋላ የማን አንጀት ቶሎ እንዳገገመ ይታያል። ሁለቱም ወገን መብላት ያለበት አንድ ዓይነት ምግብ ነው። ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው ለሸዋወርቅ የነገራት ሰው አልነበረም።

የዓቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው እርሾው ሊያልቅ ተቃረበ። ከሱቅ እንዳትገዛ፣ ከውጭ በቆርቆሮ ከሚመጣው ሌላ እንዳይነካ ዶክተሩ ከልክሏል። ጥያቄው ለግዢ ኮሚቴ ቀረበ። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ “እርሾው ለምን ዓይነት ዳቦ እንደሆነ ይብራራ” ብሎ መለሰው። ተብራራ። “ዝንብ ዳቦ የሚበላበት መመሪያ ይያያዝ” ብሎ እንደገና መለሰው። ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ቢበዛ ለግማሾቹ ይበቃል።

ሸዋወርቅ ዶክተሩን ቢሮው ድረስ ሄዳ ጠየቀችው። ስልክ ላይ ነበር። እጁን አወዛወዘ።

“ዶክተር፣ እርሾው ለሁሉም አይደርስም። ለማን ልስጥ?”

“እንደሚመችዎ ያድርጉት ወይዘሮ ሸዋወርቅ” አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

እንደሚመቻት ማድረግ ለሷ ከባድ አልነበረም። በጾም የማን ጉሮሮ እንደሚቀድም ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። የንስሐ አባቷ ራሳቸው ጎይቶም የጨጓራ ኪኒን የጀመረ ጊዜ “መድኃኒት የጀመረ አይጾምም” ብለው እህል አስቀምሰውታል። ጎይቶም በዚህች ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ በጾም እንቁላል በልቷል። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው። መድኃኒት የጀመሩት ሰማያዊዎቹ ናቸው፤ እርሾው ለነሱ። ቀዮቹ መድኃኒት የላቸውም፤ በቆሎና ስኳር እየላሱ ይጹሙ። እርሾ ራሱ ጾም እንደማያስፈታ ታውቃለች፤ ነገሩ የጾም ሳይሆን የተራ ነው። እሷም አብራቸው እየጾመች ነው፤ ምን ይሆናሉ?

በሦስተኛው ሳምንት ዶክተር ኣንዶም ከማይክሮስኮፑ ላይ ተነሥቶ ሳሊናን አቀፋት። ጥበቃውንም አቀፈው። የሰማያዊዎቹ አንጀት አረንጓዴ መብራት የተለኮሰበት የጥምቀት ከተራ መስሏል፤ የቀዮቹ ጨለማ ነው። “ቁጥር ሰባት ሲግናሉን ቀስቅሶታል!” አለ። በሳምንቱ በአንድ ሬዲዮ ቀርቦ ጨጓራና አንጀት ለሚያማቸው ሁሉ ተስፋ እንዳለ ተናገረ። “ገና ጥናት ይፈልጋል” ማለቱ እውነት ነው፤ ግን ያንን ያለው ሙዚቃው ከገባ በኋላ ነው።

በቀዳማይ ወያነ ያን ዕለት ከሸዋወርቅ የከበረ ሰው አልነበረም። ኣብርሀት እንኳ እንደ እህት “ሓፍተይ” ብላ ጠራቻት። ሸዋወርቅም የሠፈሩ ክብር አሰከራትና ያላሰበችውን አደረገች። ከተጣለው የቅጠል ዝቃጭ በጠርሙስ ሞልታ ለጎይቶም ወሰደችለት።

ጎይቶም ኪኒን አይወድም። ኪኒኑ አረቄ ይከለክላል፣ በርበሬ ይከለክላል፣ በሰዓቱ ብላ ይላል። ቁጥር ሰባት ግን ምንም አይከለክልም። ኪኒኑን መስኮት ላይ አስቀምጦ ቅጠሉን በባዶ ሆዱ ይጨልጠው ጀመር። መራራው ለምግብ ያለውን ፍላጎት ዘጋው። አለመብላቱንም ከመዳን ቆጠረው።

“ሆዴ ዝም ብሏል” ይላል።

“ባዶ ስለሆነ ነው ዝም ያለው!”

“አንቺ ዶክተር ነሽ? ሬዲዮ ላይ ማን ነው የቀረበው፣ አንቺ ነሽ?”

በሁለት ሳምንት ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገባ። አንድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ተጎንብሶ አስመለሰ፤ ያስመለሰው እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነበር። ሸዋወርቅ ውኃ ደፋችበትና ክሊኒክ እንሂድ አለችው። እሱ እንደሆነ “መርዙ እየወጣ ነው” ብሎ ጠርሙሱን ጠየቃት።

የዚያን ቀን ምግብ ስታማስል ዓይኗ ቀዮቹ ላይ ተተከለ። ቀጥነዋል። ብልቃጡ ጥግ ላይ ክንፋቸውን ጥለው ተቀምጠዋል። የት እንዳየቻቸው አሰበች፤ ዛሬ ጠዋት ግቢዋ ውስጥ፣ ቀበቶ ታጥቀው።

“ሳሊና ልጄ፣ ያ ጡሩምባ ተነፍቶ ሰው ባይመጣስ?”

“እንዴት ኣደይ?”

“እናቲቱ ሰምታ ባትነሣስ?”

“እሱማ ይሆናል” አለች ሳሊና መርፌዋን እየጠረገች። “የሟቹ ጥሪ ብቻውን አይበቃም። ከምግብ የሚመጣ ሌላ መልእክት አለ። ዝንቡ ሲበላ ሰውነቱ ‘እህል ገብቷል፣ ማደግ ይቻላል’ የሚል መልእክት ይረጫል። በተለይ እርሾ ሲበላ፤ እርሾ ለነሱ ሥጋቸው ነው። እናቲቱ ሁለቱንም ካልሰማች ደህና አድርጋ አትከፈልም።”

እውነት ነው፣ ሸዋወርቅ አሰበች። ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው መቃብር አይቆፍርም። ከዚያ ማማሰያው ከእጇ ወደቀ።

“ልጄ፣ ቀዮቹ እኮ ጾሙ ከገባ እርሾ አልቀመሱም።”

ሳሊና መርፌዋን አስቀመጠች። ከዚያ ነገሩን ሁሉ በዝርዝር ጠየቀቻት፤ ሸዋወርቅም የጎይቶምን ኪኒንና የንስሐ አባቷን ቃል ሳይቀር ነገረቻት። ሳሊና ሳቋም ልቅሶዋም እኩል መጣባት። መመረቂያ ጽሑፏ የቆመው በነዚህ ዝንቦች ላይ ነው።

“ለዶክተር ይንገሩት” አለች በመጨረሻ። “እኔ ግን ሲነግሩት አልነበርኩም።”

ዶክተር ኣንዶም ፈገግ ብሎ ሰማት። ሰው ሕፃን ሲያወራለት እንደሚሰማው።

“ወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ ሳይንስ ወጥ አይደለም። አንድ ቁንጥር እርሾ ጎደለ ተብሎ ግኝት አይጎድልም።”

“ባለቤቴ ቁጥር ሰባትን ጠጥቶ ጥቁር አስመለሰ ዶክተር።”

ፈገግታው ትንሽ ጠበበ። “እኔ ጠጡ አላልኩም። ሙዚቃው… ለማንኛውም ክሊኒክ ይውሰዱት።” በሩን ገርበብ አደረገ። “የሆሣዕና ሳምንት ገንዘብ የሚሰጡት እንግዶች ይመጣሉ። ፕሮጀክቱ ከጸደቀ የመጀመሪያው ቋሚ ቅጥር የእርስዎ ነው፤ ስምዎን ጽፌዋለሁ። ካልጸደቀ ደግሞ…” አለና እጁን ፊቱ አጠገብ አወዛወዘ፤ ዝንብ እንደሚያባርር።

ሸዋወርቅ ቤቷ ስትደርስ ለጎይቶም እውነቱን ነገረችው። አላመናትም። “አብሳይ ከዶክተር ትበልጣለች?” አለ ሊጠይቁት ከመጡት ጎረቤቶች መሀል ተነሥቶ፤ ኣብርሀትም አንዷ ነበረች። ጠርሙሱንም አቀፈው። ሸዋወርቅ አማርኛዋን ልታመጣ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በንግግር ያሸነፈችበት ቀን ትዝ አላላትም። ከነዚህ ሁለት ወንዶች ጋር በአፍ መከራከር አያዋጣም፤ የሚገባቸው በዓይናቸው ያዩት ብቻ ነው። እሷ ደግሞ የምታውቀው አንድ ሥራ ነው፤ ማብሰል።

በማግስቱ ለእንግዶቹ የሚዘጋጁት አዲስ ዝንቦች መርዛቸውን ቀምሰው መጡ። ቀይ ክዳን፣ ሰማያዊ ክዳን። ሸዋወርቅ ክዳን አልነካችም፤ መድኃኒትም አልነካችም። ሰማያዊዎቹ ቁጥር ሰባታቸውን አንድ ጠብታ ሳይጎድልባቸው ጠጡ። ከቆርቆሮው ሥር የተጠረገውን የመጨረሻ እርሾ ግን ለቀዮቹ አማሰለችላቸው። የወጥ ቤት ደብተሯን ከፍታም ማን በየትኛው ቀን ምን እንደበላ በእርሳስ ጻፈች። በየመስመሩ “ቋሚ” የምትለውን ቃል በገዛ እጇ የምትሰርዝ መሰላት።

ሳሊና ሰማያዊዎቹን ብልቃጦች አንስታ ወደ መስኮቱ አቀረበቻቸው።

“ኣደይ ሸዋ፣ የነዚህ ምግብ ነጣ አላለም?”

“ጾም ነዋ።”

“መድኃኒት የጀመረ አይጾምም ብለውኝ አልነበረም?”

“መድኃኒት ከሆነ ነው።”

ሳሊና ብልቃጡን በቦታው መለሰች።

የሆሣዕና ሳምንት እንግዶቹ መጡ። አምስት ነበሩ፤ አራቱ ከረባት፣ አንዷ ሽበታም ፕሮፌሰር። ዳይሬክተሩ አንድ ሰዓት አስተዋወቀ። ዶክተር ኣንዶም ሌላ አንድ ሰዓት ስለ ሲግናል አወራ፤ ከከረባቶቹ ሁለቱ የእንቅልፍ ሲግናል ደርሷቸው ነበር። ሸዋወርቅ ከኋላ፣ ምሳው ከተደረደረበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ ደብተሯን በነጠላዋ ሸፍና ቆማለች። በመጨረሻ ሳሊና ያዘጋጀችው አንጀት ግድግዳው ላይ በትልቁ ተዘረጋ።

ቀዩ እንደ ከተራ ሌሊት በርቷል። ሰማያዊው ጨልሟል።

ዶክተሩ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ “እንደምታዩት ሰማያዊው…” እያለ ነበር። የሰዎቹ ፊት ግራ ሲጋባበት ዞር አለ። የፊቱ ቀለም ተለወጠ።

“ክዳኑ ተቀያይሯል!” አለ። “ይቅርታ፣ ረዳቶቻችን… ወይዘሮ ሸዋወርቅ! ክዳኑን ቀያይረዋል?”

አዳራሹ ሁሉ ወደ ምሳው ዞረ።

“ክዳኑ እንዳለ ነው ዶክተር” አለች ሸዋወርቅ። ድምጿ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም። “የተቀያየረው…”

“በቃ፣ በኋላ እንነጋገራለን።”

ሽበታሟ ፕሮፌሰር ግን እጇን አነሣች። “አንድ ጊዜ። እሳቸውን መጠየቅ እፈልጋለሁ። እነዚህ ዝንቦች ምን በሉ?”

ሸዋወርቅ ልትስቅ ምንም አልቀራት። አሥራ አንድ ዓመት ይህን ጥያቄ በየጠዋቱ የሚጠይቃት ሰው ኣብርሀት ብቻ ነበረች፤ ዲግሪ ያለው ሰው ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያው ነው። ደብተሯን ከነጠላዋ አወጣችና ከዓቢይ ጾም መግቢያ ጀምራ አነበበች። ማን እንደጾመ፣ ማን እንዳልጾመ፣ ለምን እንደሆነ፣ መቼ እንደገለበጠችው። “እንደሚመችዎ ያድርጉት” የምትለዋንም ከነቀኗ አነበበቻት። የንስሐ አባቷ ጋ ስትደርስ ከረባቶቹ ነቁ።

ፕሮፌሰሯ መጨረሻው ድረስ ሰማቻትና መነጽሯን አወለቀች። “ዶክተር ኣንዶም፣ ቅጠልዎ ምንም አልሠራም። ሙከራዎን በትክክል የሠራልዎት ወጥ ቤቱ ነው።”

ምሳ ማንም አልበላም የሚል ሰው ካለ ይዋሻል። ተበልቶ አለቀ፤ ዶክተሩም ሁለት ጊዜ አነሣ።

ከሰዓት በኋላ ሳሊና ጎይቶም ዘንድ ሄደች። በስልኳ የሁለቱንም አንጀት ፎቶ አሳየችው፤ የበላውንና የጠጣውን። ጎይቶም ስልኩን አራቀ፣ አቀረበ።

“የጠጣው ይሄ ጨለማው ነው?”

“አዎ ኣቦይ።”

“ታዲያ እኔን ለምን ይሻለኝ ነበር?”

“መቼ ተሻለህ?” አለች ሸዋወርቅ።

ስልኩን ለሳሊና መለሰ። “ሬዲዮው ሲናገር ይሻለኝ ነበር።”

በማግስቱ ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሙ ጨጓራው ደምቶ እንደነበር ነግሮ ሁለቱንም እኩል ተቆጣቸው። ኪኒኑ ከመስኮት ወረደ። ጎይቶም አጥሚት እየጠጣ አንድ ሳምንት አኮረፈ፤ ማንን እንዳኮረፈ ግን እሱም አያውቅም።

ዶክተር ኣንዶም ከትንሣኤ በኋላ በዚያው ሬዲዮ እንደገና ቀረበ። ምግብ ከሌለ አንጀት እንደማያገግም በማዕከሉ በራሱ መሪነት እንደተረጋገጠ አብራራ። “የምግብ ሲግናል” አለው። ፕሮጀክቱም በዚህ ስም ጸደቀ። ቅጠል ቁጥር ስምንት ይቆይ ተባለ።

የቀረው የሸዋወርቅ ጉዳይ ነው። ዶክተሩ ከባድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣት ጠየቀ። የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ተስፋማርያም መመሪያ የሚወድ ሰው ነው፤ መመሪያውን አገላብጦ አየና መነጽሩን ከፍ አደረገ። ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ለቋሚ ሠራተኛ ነው። ጊዜያዊ ሠራተኛ ይሰናበታል እንጂ ማስጠንቀቂያ አይጻፍለትም። እንዳያሰናብቷት ደግሞ ፕሮፌሰሯ የገንዘቡ ውል ላይ “የምግብ ደብተሩን የያዙት ሴት ይቀጥላሉ” ብላ አስጽፋለች። አቶ ተስፋማርያም ሁለት ቀን ራሱን ያዘ። በሦስተኛው ቀን ጠራትና ሁለት ወረቀት ዘረጋላት።

“መጀመሪያ እዚህ ይፈርሙ፤ ቋሚ የሆኑበት ነው። ከዚያ እዚህ፤ የተቀጡበት።”

ሸዋወርቅ ሁለቴ ፈረመች። የመጀመሪያውን ስትፈርም አለቀሰች። ሁለተኛውን አላነበበችውም።

ያነበበችላት ኣብርሀት ናት፤ በማግስቱ ጠዋት፣ በር ላይ፣ ሠፈሩ እንዲሰማ ጮክ ብላ።

“‘…ወደፊት በማዕከሉ የሚገኝ ማንኛውም ዝንብ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ እንዳይጾም በጥብቅ እናስጠነቅቃለን።’ ወይ ጉድ! ኣንቲ ሸዋ፣ ይህን ማኅተም አድርገው ጻፉ?”

“ክብ ማኅተም።”

ኣብርሀት ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት። የሳቅ እንባዋን ጠረገችና እንደ ልማዷ ጠየቀቻት። “እና ትናንት ምን በሉ?”

“እርሾ” አለች ሸዋወርቅ ነጠላዋን እያጣፋች። “ሁሉም እኩል።”